ካለፉት በኋላ የሚነበብ ምልክት

ተረት ልጀምር ነው። ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እየደጋገምኩ ነው የማወራው። «ይህንን ቅድም ሰምተነዋል» የሚል ሰው እንዳይነሳብኝ። መደጋገሙ የኔ ጥፋት አይደለም፤ የሰዎቹ ነው።

ሰንበሌጥ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። ከዋናው አስፋልት ወደ ቀኝ ተገንጥለው ነው የሚደርሱባት። ድንቿ የታወቀ ነው፤ ድንች የሚጭን አይሱዙ ከሩቅ አገር ይመጣላታል። መገንጠያው ላይ ግን ድንጋይ እንጂ ምልክት የለም። ምልክቱ የቆመው መገንጠያውን መቶ እርምጃ ካለፉ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ምልክቱንም ልንገራችሁ፤ ያገሩ ሰው ራሱ ያቆመው ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ አለው፣ በላዩ ላይ ነጭ ቆርቆሮ ተመትቷል። በነጩ ቆርቆሮ ላይ በቢጫ ቀለም ተጽፎበታል፤ ስለዚህ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ባዶ ቆርቆሮ ነው። አምስት መስመር ስም ተደርድሮበታል። የከተማዋ ስም ከአምስቱ ውስጥ የለም። ለከተማዋ የሚከራከር ስላልነበረ ከታች ጥግ ላይ፣ ዝንብ በምታክል ፊደል ተጻፈች። ቀስቱ የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ወደ ቀኝ እንዳይተኛ ቦታ አጣ፣ ስለዚህ ወደ ላይ ቆመ። የዚያን ቀስት ምክር የሚሰማ ሹፌር መንገዱ ወደ ሰማይ ነው።

ሹፌሩ ምን ያደርጋል? ምልክቱን ያያል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ዓይኑን ያጠብባል፣ ያነባል። አንብቦ ሲጨርስ መገንጠያው ከኋላው ቀርቷል። መዞር አለበት። በግራ ገደል ነው። በቀኝ ግን ሜዳ አለ፣ የተስተካከለ፣ የተጠረገ፣ ደስ የሚል ሜዳ። እዚያ ላይ ይዞራል።

ያ ሜዳ የአንጓች አውድማ ነው።

አንጓች ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምታርስ ሴት ናት። ፊደል አልቆጠረችም፣ እርሻ ግን ታውቃለች። መሬቷ ሁሉ ዳገት ነው፤ ደልዳላው ያ አውድማ ብቻ ነው። በየዓመቱ በኅዳር አረሙን ትነቅላለች፣ መሬቱን ትደለድላለች፣ በእበት ትለቀልቀዋለች። ልቅልቁ ሦስት ቀን እግር ሳይነካው መድረቅ አለበት። ካልደረቀ ጤፉ ከአፈር ይቀላቀላል፤ ጤፍ ከአፈር ከተቀላቀለ ደግሞ የሚለየው የለም። ጎረቤቶቿ በደቦ ሊወቁላት፣ በሬ ይዘው ሊመጡ ቀን ቆርጠዋል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ። ከዚያ ካለፈ በሬ አታገኝም፣ ሰማዩም እንጃ፤ ክምሩ ላይ ዝናብ ከወረደ የዓመት እንጀራዋ አለቀ።

የፈለገችው ትንሽ ነገር ናት። «አውድማዬ ይድረቅልኝ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ረቡዕ ጧት ለቀለቀችው። ረቡዕ ቀትር ላይ አንድ አይሱዙ መጥቶ ዞረበት። ጎማው ከዳር እስከ ዳር ገመሰው።

«ይህን ምልክት ያቆመ እጁ ይሰበር!» አለች አንጓች። ይህን እርግማን መኪና በዞረ ቁጥር ትለዋለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ብላዋለች። የሰማት የሰንበሌጥ ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል።

ሮጣ የመኪናውን በር ያዘች። ሹፌሩ ወንዳፍራሽ ይባላል፣ ለአገሩ እንግዳ ነው።

«አንተ! ዓይንህን ምን ጋረደው?»

«ይቅርታ እትዬ፤ ምልክቱን ሳነብ አለፍኩት።»

«ሳታልፈው ለምን አታነበውም?»

«ሳላልፈው የለማ!» አለ ወንዳፍራሽ። «እንደው ቢኖርስ? አምስት መስመር ነው። እኔ እየነዳሁ ነው እንጂ ዳዊት እየደገምኩ አይደለም። ምልክቱ ቀድሞ በአንድ ቃል ካልነገረኝ አልታጠፍም።»

እውነቱን ነው። አንጓችም እውነት መሆኑን አወቀች፣ በሩን ለቀቀች። ምልክት ካልተናገረ ሹፌር አልታጠፍም አለ፤ ሹፌር ካልታጠፈ አውድማ አልደርቅም አለ፤ አውድማ ካልደረቀ ጤፍ አልወቃም አለ። አንጓችም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሰዓሊው ሄደች።

ሰዓሊው ምንዋብ ነው። በሰንበሌጥ የሱቅ በር ሁሉ ላይ የጻፈው እሱ ነው። እጁ ቆንጆ ነው፤ ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፣ እምቢ ማለት አያውቅም። ስትመጣ ብሩሹን እያጠበ ነበር።

«ምንዋብ፣ ያንን ምልክት አንሳልኝ። መገንጠያው ላይ አቁመው፤ ያንን ሁሉ ጽሑፍ አጥፋና ሰንበሌጥ ብለህ ብቻ ጻፍ።»

«እትዬ አንጓች፣ ብሩሹ የኔ ነው፣ ስሞቹ ግን የኔ አይደሉም። የአንዱን ባጠፋ ነገ ሰላምታ ይነሳኛል። ባለስሞቹ ይፍቀዱና ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ።»

«ከማን ልጀምር? ከላይኛው?»

ምንዋብ ወደ ብሩሹ ጎነበሰ። «ከታች ይሻላል» አለ። «ከታች ወፍጮ ቤቱ ነው። ከታች ይጀምሩ።»

እንግዲህ መቁጠር ጀምሩ። ባለስም ካልፈቀደ ሰዓሊ አላጠፋም አለ፤ ሰዓሊ ካላጠፋ ምልክት አልናገርም አለ፤ ምልክት ካልተናገረ ሹፌር አልታጠፍም አለ፤ ሹፌር ካልታጠፈ አውድማ አልደርቅም አለ፤ አውድማ ካልደረቀ ጤፍ አልወቃም አለ። አንጓችም ወደ ወፍጮ ቤት ሄደች።

የወፍጮው ባለቤት አቶ ድረስ ነው። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ስለማይጠፋ ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል። ሞተሩ ስለሚጮህ በጩኸት ነው የተነጋገሩት።

«ጋሼ ድረስ! ስምህን ከምልክቱ ላይ አውርድልኝ!»

«ምነው እህቴ፣ ምን በደልኩሽ?»

«ወፍጮህ እንደሆነ ከአንድ ጋራ ማዶ ይሰማል! ምልክት ምን ያደርግልሃል?»

«መሰማት ሌላ፣ መጻፍ ሌላ! ስሜ ወርዶ ያየ ሰው ወፍጮው ተሰበረ ይላል! ደግሞ ለምን ከኔ ትጀምሪያለሽ? ከበላዬ ትምህርት ቤቱ አለ። እሱ ይነሳ፣ ያን ጊዜ እኔም እነሳለሁ!»

ትምህርት ቤት ካልተነሳ ወፍጮ አልነሳም አለ፤ ወፍጮ ካልተነሳ ሰዓሊ አላጠፋም አለ፤ ሰዓሊ ካላጠፋ ምልክት አልናገርም አለ፤ ምልክት ካልተናገረ ሹፌር አልታጠፍም አለ፤ ሹፌር ካልታጠፈ አውድማ አልደርቅም አለ፤ አውድማ ካልደረቀ ጤፍ አልወቃም አለ። አንጓችም የልብሷን ዱቄት አራግፋ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት የትምወርቅ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። አንጓችን ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፤ ሲያዩዋት የምትፈቅድ ነው የምትመስለው።

«እማማ፣ ያ ምልክትማ ጉድ ነው» አለች። «እንኳን በመኪና የሚያልፍ ሰው፣ ቆሞ የሚያነብም አይጨርሰውም። ቀለሙ ከቆርቆሮው አይለይ፤ ትልቅ መሆን ያለበት ትንሽ፣ ትንሽ መሆን ያለበት ትልቅ።»

«እሰይ ልጄ! በይ አንሺልኝ።»

የትምወርቅ ጠመኔውን በእጇ አገላበጠች። «እኔ ብሆን አሁኑኑ ነበር። ግን ከኛ በላይ ማር ማኅበሩ አለ። ማሩ ቆይቶ እኛ ብንነሳ ወላጆች ምን ይሉኛል? በሰንበሌጥ ማር ከትምህርት በለጠ ይላሉ። ለልጆቹ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው እያልኩ ነው የማስተምረው። ማሩ ይነሳ፣ በማግሥቱ እነሳለሁ።»

አንጓች ልትወጣ ስትል የትምወርቅ ጠራቻት። «እማማ፣ ምልክቱን ሰው አንብቦልዎት ያውቃል?»

«ምኑን ያነቡልኛል? ጠላቴን!»

የትምወርቅ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

ማር ካልተነሳ ትምህርት ቤት አልነሳም አለ፤ ትምህርት ቤት ካልተነሳ ወፍጮ አልነሳም አለ፤ ወፍጮ ካልተነሳ ሰዓሊ አላጠፋም አለ፤ ሰዓሊ ካላጠፋ ምልክት አልናገርም አለ፤ ምልክት ካልተናገረ ሹፌር አልታጠፍም አለ፤ ሹፌር ካልታጠፈ አውድማ አልደርቅም አለ፤ አውድማ ካልደረቀ ጤፍ አልወቃም አለ።

አንጓች ወደ ማሩ አልሄደችም። ወደ ቤቷ ሄደች። ምን ይደረግ፣ ሰው ናት፣ ደከማት። ሐሙስ እንደገና እበት ሰበሰበች፣ እንደገና ለቀለቀች፣ ዳር ዳሩን እሾህ አጠረች። ቅዳሜ ደረቀ ስትል ሌላ መኪና መጣ፤ እሾሁን ረግጦ፣ ዞሮ፣ ጥሩምባ ነፍቶ አመስግኖ ሄደ። ማመስገኑ ነው የገደላት። «ይህን ያቆመ እጁ ይሰበር!» ብላ ወገቧን ያዘች። ለዓርቡ ስድስት ቀን ቀራት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ማሩ ሄደች።

የማር ማኅበሩ ሰብሳቢ ላቀው ነው። ያን ቀን ንብ ነድፎት አንድ ዓይኑ አብጧል፤ በአንድ ዓይኑ እያየ ተቀበላት።

«ላቀው፣ የማሩን መስመር ከምልክቱ ላይ አንሳልኝ። ሌሎቹ አንተን ነው የሚጠብቁት።»

«እኔን? ሌላ ጊዜ የሚጠብቀኝ የለም» አለ ላቀው ደስ እያለው። ወዲያው ግን ኮስተር አለ። «ምልክቱ ሲጻፍ ሰዓሊውን ማር ያበላነው እኛ ነን። የበላ አፍ ይመስክር። ደግሞ ከበላያችን እድሩ አለ። ማር ተነስቶ እድር ከቀረ በሰንበሌጥ መሞት እንጂ መብላት የለም ማለት ነው። መንገደኛ ይህን አንብቦ ይገባል? እድሩ ይነሳ፣ እኛም እንነሳለን።»

«እናንተ ሰዎች በስማችሁ ነው እንዴ የምትበሉት?» አለች አንጓች። መልስ ግን አልጠበቀችም።

እድር ካልተነሳ ማር አልነሳም አለ፤ ማር ካልተነሳ ትምህርት ቤት አልነሳም አለ፤ ትምህርት ቤት ካልተነሳ ወፍጮ አልነሳም አለ፤ ወፍጮ ካልተነሳ ሰዓሊ አላጠፋም አለ፤ ሰዓሊ ካላጠፋ ምልክት አልናገርም አለ፤ ምልክት ካልተናገረ ሹፌር አልታጠፍም አለ፤ ሹፌር ካልታጠፈ አውድማ አልደርቅም አለ፤ አውድማ ካልደረቀ ጤፍ አልወቃም አለ። እኔም ትንፋሽ አጠረኝ፤ እሷ ግን በእግሯ ነው የሄደችው፣ እድሩ ከዳገቱ ላይ ነው።

የእድሩ ዳኛ ጋሼ ስንሻው ሽማግሌ ናቸው። የእድሩን ድንኳን መሬት ላይ ዘርግተው ቀዳዳውን እየሰፉ አገኘቻቸው። መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷቸው ነበር፤ አንጓች ተቀብላ አስገባችላቸው።

«ጋሼ ስንሻው፣ እድሩን ከምልክቱ ላይ ያንሱልኝ። እድር ፈልጎ መንገድ የሚጠፋው ሰው የለም፤ ሁሉም ተራው ሲደርስ ያገኘዋል።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ልክ ነሽ። ቁም ነገር ተናገርሽ።»

«እንግዲያው ይነሳ!»

ሳቃቸው ቆመ። «ከበላዬ አንድ አለ። እሱ ከላይ ቆሞ እድሩ አይነሳም።»

«ማነው እሱ?»

ጋሼ ስንሻው ድንኳኑን ሰፉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስፌት። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ሙት ማን አነሳ? እኔ ስለ ምልክት ነው የማወራው።»

«ወደ ምንዋብ ሂጂ ልጄ። ያንብብልሽ። ከስምንት ዓመት በፊት ልናስነብብልሽ ይገባን ነበር፤ ጥፋቱ የኛ ነው።» ከዚያ በኋላ ቀና ብለው አላዩዋትም።

እንግዲህ ትልቁ ይኸውላችሁ፣ ያዙኝ። ላይኛው ካልተነሳ እድር አልነሳም አለ፤ እድር ካልተነሳ ማር አልነሳም አለ፤ ማር ካልተነሳ ትምህርት ቤት አልነሳም አለ፤ ትምህርት ቤት ካልተነሳ ወፍጮ አልነሳም አለ፤ ወፍጮ ካልተነሳ ሰዓሊ አላጠፋም አለ፤ ሰዓሊ ካላጠፋ ምልክት አልናገርም አለ፤ ምልክት ካልተናገረ ሹፌር አልታጠፍም አለ፤ ሹፌር ካልታጠፈ አውድማ አልደርቅም አለ፤ አውድማ ካልደረቀ ጤፍ አልወቃም አለ። ላይኛውስ? ላይኛው ምንም አላለም። እሱ ብቻ ነው ዝም ያለው።

አንጓች ምንዋብን ከቤቱ ጎትታ አወጣችው። ከአስፋልቱ ዳር፣ ከምልክቱ ፊት አቆመችው።

«አንብብ።»

ምንዋብ ከታች ጀመረ። «ሰንበሌጥ» አለ ወደ ጥጉ ጎንበስ ብሎ። «ድረስ ወፍጮ ቤት። የሰንበሌጥ ትምህርት ቤት። የሰንበሌጥ ማር አምራቾች ማኅበር። የሰንበሌጥ እድር...»

«ላይኛውን።»

ላይኛው ከሁሉ የወፈረው ነው። ፊደሉ አንድ ክንድ ይሆናል፤ ከሩቅ የሚነበብ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው፣ ሹፌር ደግሞ የማያስፈልገው እሱን ነው።

«ምሰሶ የሰጠ፣ ጉድጓድ የቆፈረ፣ ባይለየኝ ረታ» ብሎ አነበበ ምንዋብ።

ባይለየኝ ረታ የአንጓች ባል ነው።

አንጓች ወደ ቆርቆሮው ቀና አለች። ምንዋብም ከጀመረ አላቆመም፣ ስምንት ዓመት የታፈነ ነገር ነው።

«ያን ዓመት ምልክት ይቁም ሲባል ምሰሶ የሚሰጥ ጠፋ። ጋሼ ባይለየኝ ሁለት ባሕር ዛፍ አለኝ፣ ቆርጬ እሰጣለሁ፣ እኔው እቆፍራለሁ አሉ። መገንጠያው ድንጋይ ነው፤ እዚህ አፈሩ ለስላሳ ነው። እዚህ ይቁም፣ ጤፍ ስወቃ አየዋለሁ አሉ። ስማቸው ከላይ እንዲጻፍ ብቻ ጠየቁ። ጻፍኩ። እድሩ ሰማና፣ አንድ ሰው ተጽፎ እድር እንዴት ይቀራል አለ። ጻፍኩ። እድር ከገባ ብሎ ማሩ መጣ፣ ማሩ ከገባ ብሎ ትምህርት ቤቱ መጣ፣ ትምህርት ቤቱ ከገባ ብሎ ወፍጮው መጣ። ለሁሉም ጻፍኩ። ከተማዋ ትዝ ያለችኝ ቀለሙም ቦታውም ሲያልቅ ነው።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«እርስዎ ገበያ በዋሉበት ቀን ነው ያቆሙት። ማንም እንዳይነግራት፣ ጤፍ ስንወቃ እኔ ራሴ አነብላታለሁ ብለው አስማሉን። ጤፉ ሳይደርስ ሞቱ። መጀመሪያ ስላስማሉን ዝም አልን። ኋላ ደግሞ እርስዎ ያቆመውን መርገም ጀመሩ። ከዚያማ... አፈርን።»

አንጓች ምሰሶውን ያዘች። አህያዋን ስታስርበት የኖረችው ምሰሶ ነው። «እጁ ይሰበር ብዬዋለሁ» አለች። «ስንት ጊዜ! በቀን ሁለት ጊዜ ያልኩት ቀን አለ።» አለቀሰች፤ ምንዋብ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። ልቅሶው ሳይደርቅ ደግሞ ሳቀች። «ያ ሞኝ! ስሙን ለማየት ብሎ የአገር መኪና አውድማው ላይ ጠራብኝ!»

«እትዬ፣ ይቆይ እንዴ? ሌላ ዘዴ እንፈልጋለን።»

አንጓች ሰማዩን አየች፣ ክምሩን አየች፣ የተገመሰ አውድማዋን አየች። ባሏ ሌላ ቦታ ተጽፎ አያውቅም። መቃብሩ ላይ እንኳ ድንጋይ እንጂ ጽሑፍ የለም። ይህ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ መኖሩንም ያወቀችው ገና አሁን ነው።

«ቁረጠው» አለች። «አታጥፋው፣ ቆርጠህ ስጠኝ። እዚህ ቆሞ መኪና ከሚያደናግር እኔ ዘንድ ይቀመጥ።»

ምንዋብ የቆርቆሮ መቀሱን አመጣ። ላይኛው መስመር ከዳር እስከ ዳር ተቆርጦ ወጣ፤ አንጓች ተቀብላ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ወሬው ከሷ ቀድሞ ዳገት ወጣ። ባይለየኝ ተነሳ ሲባል እድር ተነሳ፤ እድር ሲነሳ ማር ተነሳ፤ ማር ሲነሳ ትምህርት ቤት ተነሳ፤ ትምህርት ቤት ሲነሳ ወፍጮ ተነሳ። ስማቸው የወረደ ሁሉ ሰኞ ጧት ዲጂኖ ይዘው መገንጠያው ላይ ተሰበሰቡ። ድንጋዩን ከመገንጠያው ሁለት መቶ እርምጃ ቀደም ብሎ፣ ከሩቅ ከሚታይበት ላይ ፈነቀሉት፤ ምሰሶዎቹንም ነቅለው አምጥተው እዚያ ተከሉ። ላቀው በአንድ ዓይኑ፣ አቶ ድረስ በነጭ ቅንድቡ፣ ጋሼ ስንሻው ተቀምጠው በማዘዝ። «ወደ ቀኝ! አይ፣ ወደ ግራ!» ይላሉ፣ የሚሰማቸው የለም።

ምንዋብ ቆርቆሮውን አረንጓዴ ቀባው። በላዩ ላይ በነጭ፣ አንድ ክንድ በሚያክል ፊደል፣ ሰንበሌጥ ብሎ ጻፈ። ቀስቱን ወደ ቀኝ አስተኛው። ቆሞ አየው፣ ባዶ ሆነበት። «ከስሩ እንኳን ደህና መጡ ብልስ?» አለ። አንጓች ብቻ ሳትሆን ሁሉም ዞረው አዩት። ብሩሹን አስቀመጠ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የተወው ጽሑፍ ይኸ ነው ይባላል።

ከዚያማ ምን ቀረ? ሰዓሊ አጠፋ፤ ምልክት ተናገረ፤ ምልክት ሲናገር ሹፌር ታጠፈ፤ ሹፌር ሲታጠፍ አውድማ ደረቀ፤ አውድማ ሲደርቅ ጤፍ ተወቃ። ሰኞ ለቀለቀችው፣ ማክሰኞ የዞረ የለም፣ ረቡዕ የዞረ የለም፣ ሐሙስ በእጇ መዳፍ መታችው፣ ድም አለ። ዓርብ በሬዎቹ መጡ። ዝናቡ የመጣው እሑድ ነው፤ ያን ጊዜ ጤፉ ጎተራ ገብቶ ነበር።

ዓርብ ዕለት ሲወቃ አንድ ሰው ከአስፋልቱ በእግሩ መጣ። ሹፌር ወንዳፍራሽ ነው። ድንች ሊጭን መጥቶ፣ ጭነቱ እስኪሞላ ነው የመጣው። ለካሣ ይሁን ብሎ ሁለት ጆንያ ይዟል።

«ዛሬ እንዴት ሳትሳሳት ገባህ?» አለችው አንጓች።

«እንጃ፣ ታጠፍኩና ገባሁ» አለ። ምልክት መለወጡን አላስተዋለም። ጥሩ ምልክት እንዲህ ነው፣ ማንም አያመሰግነውም።

ጆንያውን ሊያስቀምጥ ወደ ጎተራው ሲጠጋ በጎተራው በር ላይ በሚስማር የተመታች ረዥም ቆርቆሮ አየ። አንጓች ራሷ ነበር የመታቻት፤ ተገልብጣለች፣ የፊደሉ እግር ሰማይ ነው የሚያየው። ጎረቤት ሁሉ መገልበጧን አይቷል፣ ማንም አልነገራትም። የሰንበሌጥ ሰው አንዳንድ ነገር ቶሎ አይማርም።

ወንዳፍራሽ አንገቱን ወደ ጎን ጣለ፣ ጎንበስ አለ፣ ዓይኑን አጠበበ። ያ አምስት መስመር ማንበብ ያቃተው ሰው ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ምሰሶ የሰጠ፣ ጉድጓድ የቆፈረ፣ ባይለየኝ ረታ።»

በሬዎቹ ቆሙ፤ ነጂዎቹ አቁመዋቸው ነው። አንጓች መንሿን እንደያዘች ቆመች፣ እግሯ ጤፉ ውስጥ ነው።

«እስቲ ድገመው» አለችው።

ደገመላት።

ተረቴ እዚህ ላይ ይታጠፋል። ሳያይ ያለፈ ካለ ይመለስ፤ ብቻ በሰው አውድማ ላይ አይዙር።